የናፍጣ መኪና ቱርቦ ሲበላሽ፦ ከመቀየር በፊት ምን መፈተሽ አለበት? እንዴትስ ይጠገናል?

ጉልበት ያጣ፣ ጥቁር ጭስ የሚለቅ ወይም ዘይት የሚበላ የናፍጣ መኪና ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቱርቦው ነው። ሲመረመር ግን ብዙ ጊዜ ቱርቦው ደህና ሆኖ ከጎኑ ያለ የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ወይም ቀጭኗ የቫኪዩም (አየር የሚሳብባት) ቱቦ ወልቃ ትገኛለች። ቱርቦው በእርግጥ የሞተ ከሆነም የገደለው ነገር አለ፤ ዘይት አጥቷል፣ ቆሻሻ ዘይት ጠጥቷል ወይም ባዕድ ነገር ውጧል። ይህ ገዳይ ሳይገኝ አዲስ ቱርቦ ከተገጠመ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ እዚህ ላይ ከመፍታቱና ከመግጠሙ ይልቅ ለምርመራው ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተናል። ምሳሌያችን በከተማውም በገጠሩም መንገድ በብዛት የሚታየው የቶዮታ 3.0 ሊትር ዲ-ፎር-ዲ (1ኬዲ) የሃይሉክስና የፕራዶ ሞተር ነው፤ አሠራሩ ግን ለአብዛኛው የናፍጣ ቱርቦ ያገለግላል።

ማወቅ የሚያስፈልገው ጥቂት ነገር

ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ በአንድ በኩል ያለውን ፋን ያሽከረክራል፤ ይህ ፋን በአንድ ዘንግ ከአየሩ ፋን ጋር የተያያዘ ስለሆነ አየሩ ተጨምቆ ወደ ሞተሩ ይገባል። በቀላል መኪኖች ላይ ዘንጉ በደቂቃ ከ150,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ይህን ፍጥነት የሚችለው ብሮንዚናው (ዘንጉን የሚይዘው ቀለበት) ውስጥ በቀጭን የዘይት ሽፋን ላይ ስለሚንሳፈፍ ነው። ዘይቱ ለጥቂት ሰከንድ ከተቋረጠ ብረት ከብረት ይነካካና ነገሩ ያበቃል።

ሁለተኛው ነገር ብዙ መካኒኮችን ያሳስታል። በዘንጉ ጫፎች ላይ ያለው ዘይት መከላከያ የጎማ ሲል አይደለም፤ እንደ ፒስተን ፋሻ ያለ ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። ዘይቱን የሚይዘው በዋናነት ከፋኖቹ በኩል ያለው ግፊትና የመመለሻ ቱቦው ያለ እክል ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ግርጌ ወዳለው የዘይት መያዣ) መፍሰሱ ነው። መመለሻው ከተደፈነ፣ ወይም ኮፓ ውስጥ ያለው ጭስ ግፊት ከፈጠረ፣ ፍጹም ደህና የሆነ ቱርቦ ዘይት ይተፋል። «ሲሉ ሄዷል» ተብሎ የተጣለ ቱርቦ ስንት እንዳለ መገመት አያዳግትም።

ምልክቱን ማንበብ

ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ አንድ ላይ ከመጡ ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። የአየር ፊልትሮ፣ የተቀደደ ቱቦ፣ የተጣበቀ የቱርቦ ማስተካከያ (የአየሩን ግፊት የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ይህን ያመጣሉ።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው። መቼ እንደሚወጣ ልብ ይበሉ። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ቦግ ብሎ ከጠፋ የቫልቭ ሲሎችን ይጠርጥሩ። ረጅም ጊዜ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቆይቶ ነዳጅ ሲሰጥ የሚወጣ ከሆነ ቱርቦው ወይም የዘይት መመለሻው ሊሆን ይችላል። አቀበት ላይ ያለማቋረጥ ከወጣና የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጭሱ እየገፋ ከወጣ የፒስተን ፋሻዎቹን ያስቡ።

ድምፅም ይናገራል። ለስላሳ ፉጨት ጤናማ ነው። ሞተሩ ሲጫን የሚሰማ «ፍስስ» የሚል ድምፅ የአየር መውጣት ነው። እንደ ሳይረን ከፍና ዝቅ የሚል ጩኸት ወይም የብረት መፋተግ ከተሰማ ግን መኪናው ወዲያው ይቁም፤ ፋኑ ቤቱን እየነካ ነው፤ ከተሰበረ ቁርጥራጩ ሲሊንደር ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ሌላ በጣም ጠቃሚ ምልክት አለ። አቀበት ላይ ጉልበቱ በድንገት ጠፍቶ፣ ሞተሩን አጥፍተው ሲያስነሱት የሚመለስ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለመጠበቅ አቅሙን ቀንሶታል ማለት ነው። ይህ በተስተካካይ ቅጠል (በጭሱ ፋን ዙሪያ ሆነው የጭሱን መንገድ በሚያጠቡና በሚያሰፉ ስስ ብረቶች) የሚሠሩ ቱርቦዎች ላይ ካርቦን ቅጠሎቹን ሲይዛቸው የሚመጣ የተለመደ ባህሪ ነው። ቱርቦው አልሞተም፤ ታፍኗል።

ቱርቦውን ሳይነኩ የሚደረግ ምርመራ

1. መኪናውን በኮምፒውተር ያስነብቡ። ፒ0299 (P0299) የሚለው የስህተት ኮድ የአየር ግፊቱ ከሚፈለገው አንሷል፣ ፒ0234 ደግሞ ከሚፈለገው በልጧል ማለት ነው። ሁለቱም «ቱርቦ ቀይር» አይሉም፤ የት መፈለግ እንደሚጀመር ብቻ ይጠቁማሉ።

2. ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሱ የአየር ግፊት ሴንሰሩን ንባብ ይመልከቱ። ሞተር ቆሞ ሳለ ሴንሰሩ የአካባቢውን የአየር ግፊት ማሳየት አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች ትክክለኛው ንባብ ከ76 እስከ 77 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ አዳማ ላይ 82 ወይም 83 ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ቆሞ 100 የሚያሳይ ሴንሰር ይዋሻል፤ ኮምፒውተሩም በእሱ ተታልሎ የተሳሳተ ትእዛዝ ይሰጣል። የጥገና መጻሕፍቱ ቁጥሮች በአብዛኛው ለባሕር ወለል የተጻፉ ስለሆኑ ይህን ልዩነት ሳያሰሉ ማነጻጸር ደህናውን ዕቃ ያስጥላል።

3. ከአየር ፊልትሮው እስከ ሞተሩ መግቢያ ያለውን መስመር በእጅ ይዳስሱ። የጎማ ቱቦዎች ከታች በኩል፣ ዓይን በማያያቸው ቦታ ይሰነጠቃሉ። ዘይት ለብሶ አቧራ የያዘ መጋጠሚያ ካለ አየር የሚወጣው ከዚያ ነው። ፋሸታውን (የቱቦውን ማሰሪያ ቀለበት) ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፤ ቱቦው ወልቆ ውስጡ ይታይ።

4. በዓይን ካልተገኘ በአየር ይፈተሽ። ከፊልትሮው በኋላ የቱርቦውን መግቢያ ኒፕል በተበጀለት ክዳን ዘግተው ከኮምፕሬሰር ከ0.5 እስከ 0.7 ባር ብቻ ይስጡ። ከዚህ በላይ መስጠት ምንም አይጠቅምም። የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ አስቀድመው መንቀልና መድፈን ግድ ነው፤ አለበለዚያ አየሩ ወደ ኮፓ ገብቶ የሞተሩን ሲሎች ይገፋል። ከዚያ ሳሙና በውሃ በጥብጠው በመጋጠሚያዎቹ፣ በኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር በሚያቀዘቅዘው ክፍል) ጠርዞችና አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ላይ ይርጩ። አረፋ የሚሠራበት ቦታ ጥፋተኛው ነው። አንድ ወይም ሁለት ቫልቭ ክፍት ሆኖ ስለሚቆም በሲሊንደር በኩል ትንሽ አየር መውጣቱ አያስደንግጥ።

5. ማስተካከያውን ይፈትሹ። በቫኪዩም የሚሠራ ከሆነ የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ በቀጥታ ከመሣሪያው ጋር ያያይዙ። የማስተካከያው ዘንግ ሳይዘልና ሳይንቀጠቀጥ በዝግታ መሳብ፣ ሲለቁት ያለ እገዛ መመለስ አለበት። የተሳበውን ለአንድ ደቂቃ ካልያዘ ውስጡ ያለው ሽፋን ተቀድዷል። እዚህም ከፍታው ይቆጠራል፦ አዲስ አበባ ላይ የትኛውም ቫኪዩም ፓምፕ ከ76 ኪሎ ፓስካል በላይ ሊስብ አይችልም፤ ከዚያ በላይ የሚሳብ አየር የለምና። መጽሐፉ 85 ወይም 90 ቢልም እዚህ 65 እና ከዚያ በላይ የሚስብ ፓምፕ ደህና ነው። ማስተካከያው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ከሆነ ዘንጉን በኮምፒውተሩ በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ አንቀሳቅሰው ይመልከቱ። የዘንጉን ጉዞ በምትገድበው ማቆሚያ ብሎን መጫወት ግን ፈጽሞ አይገባም። ያቺ ብሎን ፋብሪካ ውስጥ በአየር ፍሰት ተለክታ የተዘጋች ናት፤ ሩብ ዙር ብትነካ መኪናው ወይ ይደክማል ወይ ከመጠን በላይ ይገፋል።

6. ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የመግቢያውን ቱቦ አውጥተው የአየሩን ፋን በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። የፋኑ ጫፎች ከተበሉ ወይም ከታጠፉ አቧራ ወይም ባዕድ ነገር ገብቷል፤ የፊልትሮው ቤት በደንብ መዘጋቱ ይጣራ። ከዚያ ዘንጉን በጣት ይያዙ። ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቅ ጤናማ ነው፤ ብሮንዚናው የሚንሳፈፈው ዘይት ሲመጣ ነውና። ወደ ጎን ገፍተው ሲያሽከረክሩት ፋኑ ቤቱን ከነካ ግን አልቋል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደው 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በእጅ ሊሰማ አይገባም፤ እንቅስቃሴው በጣት ከተሰማ የግፊት መያዣው ተበልቷል። በአየር ቱቦው ውስጥ ስስ የዘይት ላብ መኖሩ ከሞተሩ መተንፈሻ የሚመጣ ስለሆነ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ሲዘነብል የሚፈስ ዘይት ካለ ሌላ ጉዳይ ነው።

7. መኪናውን ይንዱት። እንጦጦን የመሰለ አቀበት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ከ1,500 ዙር ጀምሮ ሙሉ ነዳጅ ሰጥተው የሚፈለገውንና የተገኘውን ግፊት ጎን ለጎን በኮምፒውተር ይመዝግቡ፤ ማያውን የሚያየው ሌላ ሰው ይሁን። የተገኘው ግፊት ከታች ጀምሮ ዝቅ ብሎ ከቀረ አየር እየወጣ ነው ወይም ቅጠሎቹ ክፍት ሆነው ተይዘዋል። ከሚፈለገው በላይ ተወርውሮ ከወጣና መኪናው ከደከመ ቅጠሎቹ ተዘግተው ተጣብቀዋል። ቁጥሮቹ ተጠጋግተው ከሄዱ ቱርቦውን ይተዉትና ችግሩን ከናፍጣው መስመር ይፈልጉ።

የ1ኬዲ ሞተር ስውር ገዳይ

በዚህ ሞተር ላይ ቱርቦ ዘይት አጥቶ ከሞተ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የኢንጀክተሮቹ መቀመጫ ዋሸር ነው። ዋሸሩ ማኅተሙን ሲያጣ የሚነደው ጋዝ በኢንጀክተሩ ዙሪያ አልፎ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ወዳለው ዘይት ይገባል። ዘይቱ በጥላሸት ይወፍራል፤ ጥቁር ሬንጅ የመሰለው ዝቃጭ ኮፓ ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ቀስ በቀስ ይደፍናል። ሞተሩ ዘይት ሲያጥረው ቱርቦው ቀድሞ ይሞታል፤ ሰው ቱርቦውን ቀይሮ ሲሄድ ደግሞ ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ይከተላል።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ «ጩፍ ጩፍ» የሚል የጋዝ ድምፅ ከላይ በኩል ይሰማ እንደሆነ ያዳምጡ። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠው የደረቀ ጥቁር ቅርፊት ካለበት ይጠራጠሩ። ሲነሳ የዘይት መብራቱ ለመጥፋት ከዘገየ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በመጨረሻ የዘይት ግፊት መለኪያ ይግጠሙ፤ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ቢያንስ 0.3 ባር፣ በ3,000 ዙር ከ2.5 ባር በላይ መስጠት አለበት። ከዚህ ካነሰ ኮፓው ወርዶ ወንፊቱ ይታይ። የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ግን ሞተር ያድናል። ዋሸሮቹ አራቱም በአዲስ ይቀየራሉ፣ የሚያርፉበት መቀመጫ ይጸዳል፤ ያገለገለ ዋሸር መልሶ መግጠም አይቻልም።

ማውረድ

ከሥራው በፊት ባለው ምሽት የጭስ በኩል ብሎኖችንና ዳዶዎችን ዝገት ፈቺ ይርጩባቸው። የተሰበረ ብሎን ማውጣት ቱርቦውን ከማውረድ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። በማግስቱ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ፤ ቱርቦው በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ የራዲያተሩን ውሃ ያውርዱ። የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮውን፣ የአየር ቱቦዎቹን፣ ከታች የሚሄደውን የጭስ ቱቦ፣ የውሃና የዘይት መስመሮችን በዚሁ ቅደም ተከተል ይፍቱ። የዘይት መግቢያው ቀዳዳ ባለው ብሎን የተያዘ ነው፤ በሁለቱም ጎኑ ያሉት ዋሸሮች ይጣላሉ። እምቢ ያለ ዳዶን በኃይል ከመጠምዘዝ በእሳት አሙቀው ይሞክሩት፤ ሆኖም በአቅራቢያው የናፍጣ ቱቦ አለመኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ቱርቦው እንደወጣ የሞተሩን ቀዳዳዎች በሙሉ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው በቴፕ ይሰሩ። ወደ ጭሱ ማኒፎልድ የወደቀች አንዲት ዋሸር አዲሱን ቱርቦ በመጀመሪያው ደቂቃ ትበላዋለች።

አሁን የወጣውን ይመርምሩ፤ ምክንያቱን የሚናገረው እሱ ነው። ዘንጉ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ሆኖ ከተቃጠለ ዘይት አጥቷል። ሳይቃጠል በዙሪያው መስመር መስመር ከተቧጨረ ዘይቱ ቆሻሻ ነበር። የዘይት ቀዳዳው በደረቀ ከሰል ከተደፈነ ሞተሩ ግሎ ሳለ በድንገት ይጠፋ ነበር፤ ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ደጀን ላይ ወዲያው ሞተር ማጥፋት የሚያመጣው ይህን ነው። የጭሱ ፋን ከተሰባበረ ደግሞ ከሞተሩ የወጣ ብረት አለ፤ ማኒፎልዱና ኢንጀክተሮቹ ይታዩ።

ማጽዳት፣ ካርትሪጅ ወይስ ሙሉ ቱርቦ?

ዘንጉ ደህና ሆኖ ቅጠሎቹ ብቻ በካርቦን ከተያዙ ማጽዳት ይበቃል። የጭሱ ቤትና መሐለኛው ክፍል በምን አቅጣጫ እንደተጋጠሙ በሹል ነገር ምልክት ያድርጉ፤ ቤቱን ከፍተው የቅጠሉን ቀለበት በካርቦን ማጽጃ ነክረው በናስ ብሩሽ ያጽዱ። በአሸዋ ወይም በብረት ብሩሽ መፈግፈግ ቅጠሎቹን ይቧጭራል፤ እንደገናም ይያዛሉ። ሁሉም ቅጠሎች እኩል፣ አንድ ላይ፣ በጣት ግፊት ብቻ መንቀሳቀስ አለባቸው። በውስጡ ቅባት አይቀባም፤ ሙቀቱ አቃጥሎ መልሶ ካርቦን ያደርገዋል።

ዘንጉ ከተጎዳ ግን ብሮንዚናና ቀለበት ብቻ ገዝቶ ጋራዥ ውስጥ መገጣጠምን አንመክርም። ዘንጉና ሁለቱ ፋኖች በማሽን ላይ ሚዛናቸው ካልተስተካከለ በዚያ ፍጥነት ራሳቸውን ያፈርሳሉ። ተመዝኖ የተሠራ ሙሉ ካርትሪጅ (ዘንጉንና ሁለቱን ፋኖች የያዘው መሐለኛ ክፍል) ወይም ሙሉ ቱርቦ ይግዙ። ቤቶቹ ካልተበሉና ካልተሰነጠቁ ካርትሪጁ ወጪ ይቀንሳል። ከሶማሌ ተራም ይሁን ከሱቅ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ በላዩ በተለጠፈው ሳህን ላይ ያለውን ቁጥር፣ የፋኖቹን ዲያሜትርና የክንፎቻቸውን ብዛት ያመሳክሩ። ያገለገለ ከሆነ ዘንጉን በእጅ ሳይፈትኑ ገንዘብ አይክፈሉ።

መግጠም

አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት የሚከተሉት ሳይዘለሉ ይሠራሉ። የዘይት መግቢያው ቱቦ በአዲስ ይቀየር፤ ውስጡ ጠባብ ስለሆነ በሽቦ የተፋቀ ከሰል ከጥቂት ቀን በኋላ ተላቆ ይዘጋዋል። የመመለሻው ቱቦ ይታጠብ፣ ወደ ታች ያለ እጥፋት መውረዱ ይረጋገጥ። ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው ይቀየሩ፤ 1ኬዲ ከፊልትሮው ጋር 7 ሊትር ገደማ ይይዛል። የአየር ፊልትሮውም አዲስ ይሁን።

ኢንተርኩለሩና ቱቦዎቹ ወልቀው ውስጣቸው የተጠራቀመው ዘይት ሙሉ በሙሉ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ይህ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም። የናፍጣ ሞተር የሞተር ዘይትን እንደ ነዳጅ ያነዳል፤ የተጠራቀመው ዘይት ከተሳበ ሞተሩ በራሱ እየጮኸ ዙሩን ይጨምራል፣ በቁልፍም አይጠፋም። ያን ጊዜ መፍትሔው አየሩን መከልከል ነው፦ ወፍራም ጠፍጣፋ ጣውላ በመግቢያው ላይ መጫን፣ ወይም የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ ወደ መግቢያው መርጨት። ማርሹ በእጅ የሚቀየር ከሆነ በከፍተኛ ማርሽ ፍሬን ይዞ ፍሪሲዮኑን መልቀቅም ያቆመዋል። እጅ ወይም ጨርቅ ፈጽሞ አይጠጋ። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ጣውላውን አጠገብዎ ያስቀምጡ።

ካርትሪጅ ብቻ ከገዙ ቤቶቹን ሲያጋጥሙ የዘይት መውጫው ቀጥታ ወደ ታች ይሁን፤ ወደ አንድ ጎን ከ35 ዲግሪ በላይ ማዘንበል የለበትም። ጓርኒሲዮኖቹ ሁሉ አዲስ ይሁኑ። በዘይት መስመሩ ላይ ሲሊኮን አይቀባም፤ የተረፈው ጠርዝ ተቆርጦ የዘይቱን ቀዳዳ ይዘጋል። ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በሁለት ዙር፣ በመጨረሻ መጽሐፉ በሚያዘው መጠን በቶርክ ቁልፍ ያጥብቁ።

የዘይቱን መስመር ከማያያዝዎ በፊት በመግቢያው ቀዳዳ ንጹሕ የሞተር ዘይት እስኪሞላ አፍስሰው ፋኑን በጣት ያሽከርክሩ፤ ዘይቱ ሲሰርግ ይድገሙት። የመመለሻውን ቱቦ ለጊዜው ወደ ጠርሙስ አስገቡ፣ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት ነቅለው ሞተሩ እንዳይነሳ ካደረጉ በኋላ በሞተሪኖ 10 ሰከንድ አስዙረው አንድ ደቂቃ ያሳርፉ። ዘይት ወደ ጠርሙሱ እስኪወርድ ይደጋግሙ። ከአራትና ከአምስት ሙከራ በኋላ ካልወረደ መስመሩ ውስጥ እንቅፋት አለ፤ ሞተሩን አያስነሱ።

ማስነሳትና ክትትል

መመለሻውን መልሰው አያይዘው፣ ሶኬቶቹን ሰክተው ያስነሱ። ለ3 እስከ 5 ደቂቃ በሚኒሞ ብቻ ይሥራ፤ ነዳጅ አይረገጥ። ጭስ ማውጫው ውስጥ የቀረው አሮጌ ዘይት እስኪነድ ድረስ ሰማያዊ ጭስ ለተወሰነ ጊዜ ሊወጣ ይችላል፤ ከ20 ደቂቃ ጉዞ በኋላም ካልቀነሰ ወደ መመለሻው ቱቦና ወደ ሞተሩ መተንፈሻ ይመለሱ። የፈሰሰ ዘይትና ውሃ እንደሌለ፣ ቱቦዎቹም ምንም እንደማይነኩ ይዩ። ከዚያ የተመዘገበውን የስህተት ኮድ አጥፍተው ያንኑ አቀበት በሦስተኛ ማርሽ ይድገሙና የቀድሞውን መዝገብ ከአዲሱ ጋር ያመሳክሩ።

ባለመኪናው ለመጀመሪያዎቹ 200 ኪሎ ሜትር ከባድ ጭነት እንዳይጭን፣ ከአቀበትም በኋላ ከማጥፋቱ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ እንዲያቆየው ይነገረው። በ1,000 ኪሎ ሜትር ዘይቱና ፊልትሮው እንደገና ይቀየሩ፤ የተላቀቀ ካርቦን የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። በዚያው ዕለት የጭስ በኩል ዳዶዎች ሞተሩ ቀዝቅዞ ዳግም ይጠበቁ፣ የአየር ቱቦዎቹ ፋሸታዎችም ይፈተሹ። አቧራማ መንገድ ላይ ለሚሠራ መኪና የዘይት ለውጡ ከ5,000 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ።